ቁንጫን በሕግ አምላክ ያለው ሰው

ቀረብ በሉ። የሚያሳክከው እያከከ ይስማ፤ ብቻ ወሬዬን አታቋርጡኝ። ተረት መሀል ጥልቅ የሚል ሰው እኔ ዘንድ ከቁንጫ እኩል ነው።

ድሮ ነው። ሰማይ ዛሬ ካለበት ዝቅ ብሎ፣ እግዜርም ደጅ ለሚጠና ሁሉ ቅርብ በነበረበት ዘመን፣ ስሟን ሰው በረሳት አንዲት አገር ጠንክር የሚባል ገበሬ ነበረ። አያ ጠንክር ይሉታል። ደህና እርሻ፣ ደህና በሬ፣ ከሁሉም በላይ ደህና ሚስት የነበረው ሰው ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነበር፤ ልጅና ትዕግሥት። በዘጠነኛው ዓመት ሚስቱ የሻረግ ፀነሰችና ልጁ መንገድ ጀመረ። ትዕግሥቱ ግን የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

አያ ጠንክር ሙግት ይወዳል። ጎረቤቱ ቢያስነጥስ ወደ የት እንዳስነጠሰ አይቶ የሚከስ ሰው ነው። የጎረቤት ዶሮ ጥላዋ አጥሩን ተሻግሮ ቢያርፍ ድንበር ተገፋ ይላል። ሠርግ ቢጠሩት ከሙሽራው ይልቅ ዳኛው የት እንደተቀመጠ ነው የሚፈልገው። ትስቃላችሁ አይደል? እኔ አልስቅም። በአንድ የቦይ ውኃ የተነሳ ከገዛ ወንድሜ ጋር ሰባት ዓመት ተሟግቻለሁ። ቦዩም ደረቀ፣ ወንድሜም ሞተ፣ ሙግቱ ብቻ ጤናውን እንደጠበቀ ነበር። እንግዲህ ጠንክርን ሳማው ራሴንም ጭምር እያማሁ እንደሆነ እወቁልኝ።

በዚያ ዘመን ቁንጫ፣ ቅማል፣ ዝንብና ትኋን የሰው ቤት አያውቁም። ሁሉም በየዱሩ የየራሱ ኑሮ ነበረው። ቁንጫ በቀበሮ ጀርባ ትጓዛለች፤ ቅማል በዝንጀሮ ጠጉር ውስጥ እንደ እመቤት ተቀምጣ ትኖራለች፤ ዝንብ የጎሽ መንጋ ይከተላል፤ ትኋን በግራር ቅርፊት ሥር ይተኛል። ሰው ቢያገኛቸው እንደ መንገደኛ ነው፤ እንዴት ዋላችሁ ተባብለው ይተላለፋሉ።

አንድ ቀን፣ በኅዳር፣ አያ ጠንክር አጨዳ ላይ ውሎ ጥላ ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ውሻው ከጫካ መጣ። ከውሻው ጀርባ አንዲት ቁንጫ ወረደች። ወደ ጫካዋ ልትመለስ ስትል የአያ ጠንክር ባት መንገዷ ላይ ተጋድሞ አገኘችው፤ ስትሻገር ንክስ አደረገችው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ታካላችሁ፣ ትረሳላችሁ። አያ ጠንክር ግን ብድግ አለና ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ፣ «በሕግ አምላክ! ቁሚ!» አለ።

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚሮጥ እግሩን እንዳነሳ፣ የሚማታም ዱላውን እንደሰነዘረ ይቆማል። ቁንጫም የአገሩ ልጅ ናትና ልትዘል ያጎበጠችውን ጉልበቷን ዘርግታ ቆመች። ሰውየው አንዲት ትንፋሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ጫካ ትገባ ነበር፤ እኛም ዛሬ በሰላም እንተኛ ነበር።

«አያ ጠንክር፣ ይቅር በለኝ» አለች ቁንጫ። «ጨው አለው ወይ ብዬ አንዴ ነው የቀመስኩህ። አንተም አከክ አድርገው፣ እኔም መንገዴን ልሂድ።»

«ደም አፍስሰሽ አከክ አድርገው ትይኛለሽ? ይህን ለዳኛ ትነግሪያለሽ።»

የዚያ አገር ልማድ ደግሞ ይህ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ፍርድ ሳይሰጥ ቋጠሮው አይፈታም። ቁንጫ ልብስ የላትም። አያ ጠንክር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አሰበና እሷን ራሷን በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ሕግ ተከበረ።

ቤቱ ሲደርስ የሻረግ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ግድግዳውን እየለቀለቀች ነበር። ለሚመጣው ልጅ ቤቱን አዲስ ልታደርግ ፈልጋ ነው። በጋቢው ጫፍ የተቋጠረው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ተከሳሽ ናት አላት። በመጀመሪያ ሳቀች። ፊቱን ስታየው ሳቋን አቆመች።

«ተው አንተ ሰው፣ ታረቅ» አለችው። «ደጅ ወስደህ ፍታትና ወዳገሯ ትሂድ። ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት ልጅ ሊመጣ ነው፤ ቤቴን ንጹሕ አድርገህ አቆይልኝ።»

«ፍርድ ሳላገኝ ቋጠሮ አልፈታም» አላት።

ራት ቀረበ። ቁራኛ አብሮ ይበላል ብያችኋለሁ። አያ ጠንክር ሽሮ በላ፤ ቁንጫ አያ ጠንክርን በላች። ሊቆጣ ሲል ሕጉን ያወጣችው እሷ እንዳልሆነች ነገረችው። እሷ ስትነክሰው የአንድ ቀን በደለኛ ነበረች፤ አሁን ግን የሚገባትን ቀለብ የምትበላ ተሟጋች ሆነች። በማግስቱ አያ ጠንክር ፊቱ አብጦ ከአልጋው ተነሳ፤ ሙግት የወደደ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይቆጥረውምና ደስ ብሎት ችሎት ወደሚዋልበት ዋርካ ወጣ።

የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹሙ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። አገሩ ወሬውን ሰምቶ መጥቷል፤ በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን ሰው የተሰበሰበበት ጊዜ የለም፤ ለቅሶም ቢሆን። አያ ጠንክር ጋቢውን አደግድጎ፣ ዱላውን እያወዛወዘ፣ መሬቱን በእግሩ እየመታ ተነሳ፤

«በላ ልበልሃ!
ቆዳዬ ርስቴ ነው፣ ካባቴ የወረስኩት፣
ለዘመድ ለባዳ፣ ቆርሼ ያልሰጠሁት፤
ማን ናትና ይህቺ፣ ሳታርስ ሳትዘራ፣
ደሜን የምትጠጣ፣ ሠርግ እንደተጠራ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አማረለት። ቁንጫም ከቋጠሮው ጫፍ አንገቷን ብቅ አድርጋ መለሰች፤

«ከውሻህ ወርጄ፣ ወደ ዱር ስሻገር፣
እግርህ መንገዴ ላይ፣ ተጋድሞ ነበር።
አንድ ጊዜ ብቀምስ፣ ጨው አለው ወይ ብዬ፣
ይኸው በሕግ ታስሬ፣ ቀረሁ ከገበያዬ።»

ለሷም አማረላት። ጭቃ ሹሙ ጺሙን እያሻሸ ወደ ሁለቱም አየ። ነገሩ ከባድ ነው ብሎ ለስምንት ቀን ቀጠረ። ይህን ጊዜ አያ ጠንክር ተከሳሽ ዋስ ትጥራልኝ አለ። አስቡት፤ ተከሳሿ በገዛ ጋቢው ተቋጥራ ዋስ ይላል። ሕግ ነውና ቁንጫ የዝንጀሮዋን እመት ቅማልን ዋስ ጠራች። እመት ቅማል ቀስ እያለች፣ ተከብራ መጣች። አያ ጠንክር አሁንም አልበቃውም፤ ዋስ ከዓይኔ እንዳትርቅ አለ። እመት ቅማልም ከዓይኑ የማይርቅ ስፍራ ብትፈልግ ከራሱ ጠጉር የተሻለ አላገኘችም። ወጥታ ተቀመጠች።

ቤት ሲገባ የሻረግ ወለሉን እየደለደለች ነው። ራሱን ሲያክ አየችው።

«ተው አንተ ሰው፣ ታረቅ። አንድ ወስደህ ሁለት ይዘህ መጣህ።»

«ፍርድ ሳላገኝ ቋጠሮ አልፈታም።»

በስምንተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ ምስክር አለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ጠንክር በዚያች ቀን በአጠገቡ ያለፈውን አያ ዝንብን ቆጠረ። ዝንብ ተጠራ፤ መጣ፤ እጁን አሻሸ። ማየቱን አይቻለሁ፣ ነገር ግን ምስክር በባዶ ሆዱ አይናገርም፤ በአገራችን ልማድ ምስክር የሚያበላው የጠራው ሰው ነው አለ። ልክ ነው፤ ልማድ ነው። አያ ጠንክር ወደ ቤቱ ወስዶ አበላው። ዝንብ በላና ነገ እመሰክራለሁ አለ። በነጋታው በላና ነገ አለ። እኔ በሙግት ዘመኔ እንዲህ ያሉ ምስክሮች አውቃለሁ፤ ክንፍ ብቻ ነው የጎደላቸው። በመጨረሻ ሲመሰክር፣ ንክሻውንም አይቻለሁ፣ እግሩም መንገድ ዘግቶ እንደነበር አይቻለሁ አለ። ለሁለቱም መሰከረና እንደገና ወደ ገበታው ተመለሰ።

አያ ጠንክር ተናደደ። ቁንጫ፣ ዋሷና ምስክሩ ተመካክረውብኛል፤ አንድ ቀን አብረው ይጠፉብኛል ብሎ ዘብ ይመደብልኝ አለ። ጭቃ ሹሙ ሰውየውን ከፊቱ ለማራቅ ሲል እሺ አለ። ለጥበቃ ማን ይሻላል ተባለ። ቀን ተኝቶ የሚውል፣ ሰው ሲተኛ የሚነቃ፣ ድምፅ የማያሰማ ይሁን ተባለና ትኋን ተሾመ። ትኋን አለ የተባለውን ስፍራ ሁሉ ዞሮ አየ፤ ከአልጋው ጠፍር ሥር የተሻለ የዘብ ማደሪያ አላገኘም።

የሻረግ በዚያ ሳምንት አልጋውን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፤ ጠፍሩን በፈላ ውኃ አጠበችው፤ በወይራ አጠነችው። ዘቡ ንቅንቅ አላለም። ሥራው ነዋ። እሷም አልጋው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። የምታለቅሰው ስለ ራሷ አልነበረም። ሆዷን ይዛ፣ «እዚህ ላይ ነው ወይ የማስተኛው?» እያለች ነበር የምታለቅሰው።

«ተው አንተ ሰው፣ ታረቅ። በምጥ ልያዝ ሳምንት አልቀረኝም።»

«ፍርድ ሳላገኝ ቋጠሮ አልፈታም» አለ፤ ግን በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ቀጠን ብሎ ነበር።

በመጨረሻው ችሎት ቁንጫ ደከማትና እውነቱን ተናገረች። ይህን አፍ የሰጠኝ ፈጣሪ ነው፤ አፌ በደል ከሆነ የሠራውን ክሰስ አለች። ጭቃ ሹሙ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። ነገሩ ከእኔ በላይ ነው፣ መጽሐፍ ወደሚያውቁ ሂዱ ብሎ በሬውን ሊፈልግ ሄደ። በሬው እንዳልጠፋ ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ የቁንጫ ሊቅ ሆነ። እግዜር ይህችን ለምን ፈጠራት የሚለውን ጥያቄ የማይመልስ ሰው ጠፋ። አንዱ ደብተራ አሮን በበትሩ የግብፅን ትቢያ ሲመታ ከተነሱት መካከል ተርፋ የመጣች ናት አለ። አንዲት ባልቴት ደግሞ እግዜር በሰባተኛው ቀን ሊያርፍ ሲል ከእጁ ያራገፈው ትራፊ ጭቃ ናት አሉ። አይደለም፣ ሰይጣን እኔም ልፍጠር ብሎ ሞክሮ የቻለው ይህን ያህል ነው፤ ማነሷን አታዩም ወይ ያለም አለ። ነገሩ የጠነከረው አንዱ ተነስቶ፣ ረቡዕ ዕለት የጾመኛ ደም የምትጠጣ ቁንጫ ጾም ትገድፋለች ወይስ ጾሙን የሚገድፈው ደሙን ያበላው ሰው ነው ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ዱላ ተማዘዙ። ቁንጫ ቋጠሮዋ ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። እንዲህ ያለ ክብር አገኛለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

አያ ጠንክር በዋሻ ወደሚኖሩት መነኩሴ፣ ወደ አባ ክንፈ ዘንድ ሄደ። አባ ክንፈ መጽሐፍ የጠገቡ፣ ከዱር አራዊት ጋር አርባ ዓመት የተጎራበቱ አባት ናቸው። ጉልበታቸውን ሳመና ጠየቃቸው፤ «አባ፣ እግዜር ይህችን ለምን ፈጠራት?»

አባ ክንፈ ቆባቸውን ከፍ አድርገው አከኩ። «ትዕግሥታችንን ልትለካ ነው የሚሉ አሉ፤ ሥጋ ለባሽ መሆናችንን እንዳንረሳ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም መልካም ነገር ነው። ብቻ ሁለቱም ይህን የጻፉት በማያሳክካቸው ሰዓት ይመስለኛል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ መልሱን ፍለጋ መጽሐፍ አገላብጥ ነበር። እያገላበጥኩ ሳለ አንዷ ነከሰችኝ። አከክኩት፤ ተሻለኝ። መልሱ ያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣብኝም። ልጄ፣ እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ሄደህ ቋጠሮህን ፍታ። ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት አሉኝ።»

አያ ጠንክር አመስግኖ ወጣ። ቁጥቋጦው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ከዚያ ዋርካው ሥር የሚቀመጡት ሰዎች ታዩት፤ «ጠንክር በቁንጫ ተረታ» ሲሉ ሰማቸው። ገና ያላሉትን ነው የሰማው። ጣቱን መለሰና ቀጥታ ወደ እግዜር ደጅ የሚያወጣውን ተራራ ያዘ።

ቁንጫ በጋቢው ጫፍ፣ እመት ቅማል በራሱ ላይ፣ አያ ዝንብ ከፊት ከፊት እየበረረ ወጡ። ትኋን ብቻ አልጋውን ሊጠብቅ ቀረ። በር ጠባቂው መልአክ ሲያያቸው ሰውየው ከነቤተሰቡ የመጣ መስሎት ነበር።

እግዜር ክሱን እስከ መጨረሻው ሰማ። አያ ጠንክር አንድም ነገር አላስቀረም፤ ግጥሙንም ደገመው። እግዜር ታግሦ ሰማና አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ሳትቋጥራት በፊት ስንት ጊዜ ነከሰችህ?»

«አንድ ጊዜ፣ ጌታዬ።»

«ከቋጠርካት በኋላስ?»

«ቆጥሬ አልዘልቀውም።»

መላእክቱ እርስ በርስ ተያዩ። እግዜር ፈገግ አለ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።

«ለምን እንደፈጠርኳት ጠይቀሃል» አለ እግዜር። «ለዱር ነው የፈጠርኳት። ቀበሮ ጠግቦ አንድ ቦታ እንዳይጋደም የምታስነሳው እሷ ናት። ወደ አንተም ታልፍ ይሆናል ብዬ ቀድሜ ጥፍር ሰጥቼሃለሁ። ለአንድ ንክሻ አንድ ጥፍር ይበቃል ብዬ ነበር። አሁን ፍርዴን ስማ። ቋጠሮው ይፈታ። ቁንጫ ከነዋሷ፣ ከነምስክሩ፣ ከነዘቡ ወደ ዱሯ ትመለስ፤ ዳግመኛም የሰው ቤት አይግቡ። አንተም ወደ ቤትህ ሩጥ፤ ሚስትህን ምጥ ይዟታል።»

አያችሁ? እዚህ ላይ ዓለም ከነዚህ ሁሉ ልትገላገል ምንም አልቀራትም ነበር። አያ ጠንክር ምጥ የሚለውን ሲሰማ ወደ ቁልቁለቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሚስቱን ይወዳታል፤ አይወዳትም እንዳትሉብኝ። ቋጠሮውን ያዘ፤ አንደኛውን ጫፍ ሳበ፤ ላላ። ቁንጫ ከውስጥ ጉልበቷን አጠፈች፤ ልትዘል። ሰውየው ግን ጣቱን አቆመና ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ ታዲያ ማን ረታ?»

«ማንም አልረታም። ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ረቺ የሌለበት ፍርድ ይዤ አገሬ እንዴት እገባለሁ? ዋርካው ሥር ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«ልጅ ተወለደልኝ በላቸው» አለው እግዜር።

ቁንጫ ከቋጠሮው ውስጥ ለመነችው፤ «አያ ጠንክር፣ ስለ እናትህ ብለህ ተቀበል። እኔም ቤት አለኝ።» እመት ቅማልም ከጆሮው በላይ ሆና አባቴ ተቀበል አለችው። ዝንብ እንኳ፣ ያ ሲበላ የኖረው ዝንብ፣ እጁን ማሻሸቱን ተወ።

አያ ጠንክር ወደ ታች ወደ ቤቱ አየ፤ ወደ ዋርካውም አየ። ከዚያ አፉ ለሠላሳ ዓመት የለመደውን ቃል አወጣ።

«ይግባኝ» አለ።

አንዱ መልአክ ሰውየው ያሳዘነው ይመስላል፤ ፊቱን ዞረ። እግዜር ግን አልተቆጣም። ይግባኝ የሚባለው ወደ ማን እንደሆነ ጠየቀው። አያ ጠንክርም ከአንተ በላይ ዳኛ የለምና ወደ ራስህ፣ በሌላ ቀን አለ።

«ይሁን» አለ እግዜር። «ይግባኝህን ተቀብያለሁ። ቀጠሮው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ሕያዋንም ሙታንም ለፍርድ ሲቆሙ የእናንተንም እሰማለሁ። እስከዚያ ግን ባቆምከው ሕግ ትኖራለህ። ፍርድ እስኪሰጥ ቁራኛ አይፈታም፤ ዋስ አይርቅም፤ ምስክር ቀለቡ አይጓደልበትም፤ ዘብም ከሥራው አይነሳም። አንተ ብትሞት ሙግቱ ለልጅህ ያልፋል፤ እሷም ብትሞት እንዲሁ ለልጆቿ።»

ቁንጫ ይህን ስትሰማ የታጠፈ ጉልበቷን ዘረጋች። አለቀሰችም ይላሉ። እኔ ግን ቁንጫ ስታለቅስ ማን ተጠግቶ እንዳያት አላውቅም።

አያ ጠንክር ተራራውን እየዘፈነ ወረደ። በመንገድ ላገኘው ሰው ሁሉ አልተረታሁም ይል ነበር። ሰዎቹም እንኳን ደስ አለህ ይሉታል፤ ሙግት ያልተረታ ሰው ምን ይባላል? ቤቱ ሲደርስ የሴቶች እልልታ አልቆ፣ ጎረቤቶቹ ገንፎውን በልተው ተበትነው ነበር። የሻረግ በተለቀለቀው ግድግዳ ሥር፣ በታጠበው አልጋ ላይ ተኝታለች።

«የሻረግ፣ አልተረታሁም» አላት ገና ከደጃፉ።

እሷ በክንዷ ያለችውን ሕፃን ገለጥ አደረገችለት። ሴት ልጅ ናት። አንድ ፍሬ ናት፤ ዓይኗን እንኳ በቅጡ አልገለጠችም። ምስክሩ ዝንብ ከአባቷ ቀድሞ ደርሶ በዓይኗ ጥግ ተቀምጧል። አያ ጠንክር በእጁ እሽ አለው። ተነሳ፤ ዞረ፤ እዚያው ተመልሶ ተቀመጠ። በሕፃኗ አንገት ላይም ዘቡ ትኋን የተወው ቀይ ነጥብ ይታያል።

«ተመልከታት» አለች የሻረግ። «ስሟን ገና አላወጣንላትም፤ ሙግቱን ግን ወርሳለች።»

አያ ጠንክር ያን ጊዜ ነው የገባው። መሬት ላይ ቁጭ አለና ቋጠሮውን በሁለት እጁ ያዘ። በጥፍሩ ሞከረ፤ በጥርሱ ሞከረ፤ አልፈታልህ አለው። ቁንጫም ከውስጥ ሆና ገፋች፤ እሷም አልቻለችም። ሁለቱ አንድ ሐሳብ የሆኑት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ልጅቷ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። ጋቢው አርጅቶ ቢያልቅ ቁራኛው ወደ ሌላው ጋቢ ይሻገራል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ቁንጫ ለምን ተፈጠረች እያሉ ይመራመራሉ። ለዱር እንደተፈጠረች የሚያውቅ የለም። ወደ ቤት ማን እንዳስገባት ደግሞ የሚጠይቅ የለም፤ የጠየቀ እንደሆነ አያቱን ሊያማ ነው።

እኔ ከአባቴ አባት የተቀበልኩትን አራግፌላችኋለሁ፤ እናንተም ወደ መኝታችሁ ስትሄዱ ጋቢያችሁን አራግፉ። ቢነክሳችሁ እከኩና ተኙ። በሕግ አምላክ እንዳትሉ ብቻ። ከእኛ በፊት የነበሩትስ ይህን አይተው አይደል፣

አንድ ቁንጫ የከሰሰ፣ ከነዋሷ ተመለሰ ያሉት።